በእኔ ልክ የተቆረጠች ቀይ ሴት

ይሄን የምጽፈው ለባለሙያ አይደለም። ከመካከላችሁ አንዲት ሴት በባሏ ወይም በጓደኛዋ እጅ ተገድላ፣ ለቅሶው ካለቀ በኋላ "በቃ፣ እንዲሁ ልትረሳ ነው?" እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ነው። እኛ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት የእንጨት ሴት ሠርተን አቁመናል። ብዙውን ነገር የተማርነው አበላሽተን ነው። እናንተም እዚያው ላይ እንዳታበላሹ ብዬ ነው የማወራው።

የሟቿን ስም አልጽፍም። የሞተችበትን ዓመትና ከተማም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ልጆች አሏት። ልጆች ደግሞ ያድጋሉ፣ ስልክ ይይዛሉ፣ ይፈልጋሉ። ቤተሰቦቿ ስሟ ምስሉ ላይ እንዲሰፍር ፈቅደውልናል። እኔ ጽፌ እንዳሰራጨው ግን አልጠየቅኋቸውም። ለአንዱ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሆንም። ይሄንንም ያወቅሁት ተሳስቼ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ቀያዮቹን ሴቶች መጀመሪያ ያየኋቸው ከሥራ ስመለስ ነው። ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ሰው ቤት እየሄዱ መርዳት ነው። አንዲት አሮጊት ቤት አድሬ ወጥቼ፣ አውቶቡስ እስኪመጣ ብርዱን ልሸሽ ብዬ አጠገቡ ያለ ኮሌጅ መግቢያ ውስጥ ገባሁ። የሚኒሶታን ጥር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ይሠራል። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ቀያይ ሰዎች ቆመዋል። የሰው ቁመት አላቸው። ፊት የላቸውም። ከጠፍጣፋ እንጨት ተቆርጠው ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብተዋል። የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ መስሎኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ቡናዬን መጠጣት ጀመርኩ።

ከዚያ አንደኛዋ ደረት ላይ ወርቃማ ሰሌዳ አየሁ። ቀረብ ብዬ አነበብኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ስንት ልጅ እንደነበራት። ምን ትወድ እንደነበር። ከዚያ ማን እንደገደላት። በቃ፣ አምስት ስድስት መስመር ነው። የሚቀጥለዋ ጋ ሄድኩ። ከዚያም የሚቀጥለዋ ጋ። አውቶቡሱ አለፈኝ። ቀጣዩም አለፈኝ።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ የተወለደው እዚሁ ኖሯል። በ1990 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ 26 ሴቶች በባሎቻቸው፣ በጓደኞቻቸው ወይም በሚያውቋቸው ሰዎች እጅ ተገደሉ። ሠዓሊና ጸሐፊ የሆኑ ሴቶች ተሰባሰቡና ለእያንዳንዳቸው በሰው ልክ ቀይ ምስል ሠሩ። 27ኛ ምስልም ጨመሩ። እሷ የማንም ስም የላትም። አሟሟታቸው ሳይጣራ ለቀረ፣ "ድንገተኛ አደጋ ነው" ተብሎ ፋይላቸው ለተዘጋ ሴቶች የቆመች ናት። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1991 ከ500 በላይ ሴቶች ከግዛቱ ካፒቶል (የምክር ቤቱ ሕንፃ) ፊት ለፊት ባለ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው፣ ምስሎቹን ይዘው፣ በአንድ ረድፍ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተሻግረው ካፒቶሉ ውስጥ አስገቧቸው። "ሳይለንት ዊትነስ" ይሏቸዋል፤ ዝም ያሉ ምስክሮች እንደማለት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ግዛቶችና አገሮችም ተዛምቷል።

ቤቴ ድረስ የተከተለችኝ ግን 27ኛዋ ናት። የእኛ ሰው ስንቷን እዚያ ውስጥ ከትቷል። "ራሷን ስታ ወድቃ ነው።" "ብስጭት ነው የገደላት።" ከዓረብ አገር "ከፎቅ ወደቀች" ተብላ በሳጥን የመጣች ልጅ የሌለችበት ሰፈር አለ? ማነው ሄዶ ያጣራው?

የእኛዋን አውቃታለሁ። የልብ ጓደኛዬ አልነበረችም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ የምንቀዳዳ፣ ልጆቻችን አብረው የሚሯሯጡ ዓይነት ነን። ስትጠራ "ወዬ" ትላለች። አሜሪካ ውስጥ "ወዬ" የሚል ሰው ብርቅ ነውና አንዳንዴ ያለ ምንም ጉዳይ እጠራት ነበር።

የሞተች ጊዜ ማኅበረሰቡ የሚችለውን አደረገ። ጎፈንድሚ ተከፈተ፤ በሁለት ቀን ሬሳዋን አገር ቤት ለመላክ የሚበቃ ገንዘብ ሞላ። አዳራሹ ሦስት ቀን በሰው ተጨናነቀ። ምስር ወጥ በትሪ በትሪ መጣ። በዚህ አንታማም። ግን ሦስቱን ቀን ሙሉ "ተገደለች" የሚል ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁም። "የደረሰባት ነገር።" "ያ አደጋ።" "ሰይጣን ገብቶ።" አርባዋ ወጣ። ከዚያ ጸጥ።

ሙት ዓመቷ ላይ ሳህን እያጠብን ስለ ቀያዮቹ ሴቶች ለእህቷ ነገርኳት። ዝም ብላ አጠበች፣ አጠበች። መጨረሻ ላይ "እሷም ትቁም" አለች። እንደዚህ ተጀመረ። አምስት ሴቶች ሆንን።

ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሚያግዝ ሰው ለመጥራት በራሪ ወረቀት ላዘጋጅ ብዬ ከፌስቡክ ገጿ አንድ ፎቶ ወሰድኩ። በሐበሻ ቀሚስ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ስትስቅ። ጎኗ የቆመውን ሰው ቆርጬ አወጣሁት። ለአርባ ሰው ያህል በቴሌግራም ላክሁት። ማታ እህቷ ደወለች። አልጮኸችም። "ትከሻዋን እዪው" አለችኝ። አየሁት። አራት ጣት። ሰውየውን ስቆርጠው እጁ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል።

ምን ይባላል? ወረቀቱን አጠፋሁት፤ ግን አርባ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቀያዮቹ ሴቶች ለምን ፊት እንደሌላቸው ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሚባል ነገር አልነካንም። እናንተ የግድ ፎቶ ካላችሁ ቤተሰብ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቆርጦ ይስጣችሁ። ገጿ ላይ ስላለ የማንም ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን ከፈቃድ ጀመርን። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቤተሰብ ስትሉ ማን ማን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። እኛ እህቷ እሺ ካለች ያለቀ መስሎን ነበር። እናቷ ደሴ አሉ። ልጆቿን እህቷ ናት የምታሳድገው፤ ትልቁ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እህቷ ከልጁ አማካሪ ጋር ሆና ነገረችው። እኛ አልነበርንም፣ መኖርም አልነበረብንም። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ። "ሰው ይነካታል?" እንዳይነኳት ፈለገ። እግሯ ሥር "እባክዎ አይንኩ" የሚል ካርድ ያለው ለዚህ ነው። ሰው ሙዚየም ያስመሰልናት ይመስለዋል። የልጇ ቃል ነው።

ለእናትየው በኢሞ ደወልንላቸው። እንደምንም አስረዳኋቸው። "ሐውልት ነው?" አሉኝ። ዓይነቱ እንደዚያ ነው አልኳቸው። "መቃብሯ እዚህ አይደል እንዴ ልጄ? እዚያ ለማን ነው የምታቆሙት?"

"እዚህ ላሉት ነው እማማ። እንደሷ ቤታቸው ተዘግቶባቸው ለሚኖሩት።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ቀይ ለምን ሆነ? ጥቁር አይሆንም?" የመጀመሪያዎቹ ቀይ ስለነበሩ እንደሆነ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው ዝም ብሎ እንዳያልፍ እንደሆነ ነገርኳቸው። "እንግዲህ ቀይ ካላችሁ ቀይ ይሁን። ነጠላ ግን አልብሱልኝ። እርቃኗን እንዳታቆሙብኝ።"

የፈረንጆቹ ምስሎች ልብስ የላቸውም፤ ቅርጽ ብቻ ናቸው። እኛም እንደዚያው ልናደርግ ነበር ሐሳባችን። በእናትየው ቃል ተቀየረ።

ከእንጨት በፊት ሌላም ነገር አስበን ነበር። ሁሉም ከተማ አናጢ የለውም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ኤሊና ሾቬት የምትባል የሜክሲኮ ሠዓሊ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲውዳድ ኋሬዝ በምትባለው ከተማ 33 ጥንድ ቀይ ጫማ ከሰው ሰብስባ አደባባይ ላይ ደርድራለች። የራሷ እህት በባሏ እጅ ነው የሞተችው። ቀይ ጫማው ከዚያ ተነስቶ ጣሊያንን፣ እስራኤልን፣ ስንቱን አገር አዳረሰ። ኢስታንቡል ውስጥ ደግሞ ቫሂት ቱና የሚባል ሠዓሊ በ2019 የአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ 440 ጥንድ ጥቁር ባለ ተረከዝ ጫማ ሰቅሏል፤ በ2018 ለተገደሉ 440 ሴቶች። እዚሁ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ውስጥ በ1990 የተጀመረ የልብስ ማስጫ ገመድም አለ። ሴቶች ራሳቸው ቲሸርት ላይ ይጽፉና ገመድ ላይ ያሰጡታል። ነጩ ለተገደሉት ነው።

እኔ በልቤ ለጫማው ነበር የማደላው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ በር ላይ እናወልቃለን። ቅዳሴ አልቆ ሁሉም ጫማውን ለብሶ ሄዶ፣ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ደጃፉ ላይ ቢቀርስ? ለእኛ ሰው ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ርካሽም ነው። የሆነ ከተማ ያለ ሰው ይሄን ቢሞክረው ደስ ይለኛል። እህቷ ግን "ትቁም" ነው ያለችው። ጫማ አይቆምም አለች።

በነገራችን ላይ ለሙት የእንጨት ምስል ማቆም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኮንሶዎች ዋካ የሚሉት አላቸው። ለጀግና ወንድ ይቀረጽና ሚስቶቹ ግራና ቀኙ ይቆማሉ። ሴቷ እዚያም አለች፣ ግን በሰውየው አጃቢነት ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልግባ። እንጨቱ ሁለት ቅዳሜ ነው የፈጀው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ስድስት መስመር ግን ሦስት ወር።

አማርኛ ሞትን ለስላሳ ማድረግ ያውቅበታል። አረፈች። ተለየችን። ሕይወቷ አለፈ። ሁሉም ውስጥ ገዳይ የለም። የመጀመሪያው ረቂቃችን "በድንገት ከመካከላችን ተለየች" ይል ነበር፣ ያውም እኛው ጽፈነው። ለዚህ ከሆነማ እንጨቱ ምን ያደርጋል? የገደላት ሰው ዘመዶች ከእኛው ጋር ነው የሚያስቀድሱት። አክስቱ መጥተው "ልጆቹ የሁለቱም ናቸው፤ ነገ ምን ብለው ያንብቡት?" አሉን። ተራ ጥያቄ አይደለም። ብዙ ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ የእሱን ስም ላለመጻፍ፣ "በባሏ ተገደለች" የሚለውን ግን ላለመተው ተስማማን። አክስቱ አልወደዱትም። ዛሬም ሰላም ይሉኛል፣ ሻይ ግን አይቀዱልኝም።

ጉዳዩ ፍርድ አግኝቶ ስላለቀ ነው እንደዚህ መጻፍ የቻልነው። የእናንተው ገና ፍርድ ቤት ከሆነ ቆዩ። ወይም ያለ "በባሏ" ጻፉት፤ ለጠበቃ ሳታሳዩ አታቁሙት። ሌላው ደግሞ ምክንያት አትጻፉ። "ቀንቶ"፣ "ሰክሮ"፣ "ተጣልተው"። ምክንያት ስትጽፉለት ሰው እሱን ይዞ መከራከር ይጀምራል፤ እሷን ይረሳል። በምን እንደገደላትም አትጻፉ፤ ሰሌዳው ሕፃን ዓይን ልክ ላይ ነው።

ቁጥርም አስገብተን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ነው፦ በ2023 በዓለም ዙሪያ 51,100 ሴቶችና ልጃገረዶች በቅርብ አጋራቸው ወይም በቤተሰባቸው እጅ ተገድለዋል፤ በቀን 140 ማለት ነው። እህቷ እስክሪብቶ አንስታ ሰረዘችው። "ይሄ ሌላ ቦታ ይጻፍ፤ እሷ ላይ አይደለም።" በሰረዘችው ምትክ "ስትጠራ ወዬ ትል ነበር" ብላ ጨመረች። ይሄ መስመር ባይኖር ሰሌዳው የፖሊስ ሪፖርት ነበር።

ስሙ ላይም ነገር ተነሳ። እናትየው ስመ ክርስትናዋ ይግባ አሉ፤ ፍትሐቷ የተደገመው በሱ ነዋ። አባም ደገፏቸው። ሁለቱም ስም ገባ። እንግሊዝኛውን የተረጎመችልን እዚሁ ያደገች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። "በባሏ ተገደለች" የሚለውን ስትተረጉም አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ለሦስት ወር ስንታነቅበት የከረምነውን። ቀና ብላ "ሌላ ምን ነበር የሚባለው?" ብላ ጠየቀችን። ማንም አልመለሰላትም።

እንጨቱን የቆረጡልን ጋሼ ናቸው። አገር ቤት አናጢ ነበሩ፤ እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬም ኮምፔርሳቶ ነው የሚሉት፤ ሆም ዲፖ ገብተው "ኮምፔርሳቶ" ብለው ጠይቀው ልጁ ግራ ሲገባው ይስቃሉ። 4 በ8 ጫማ የሆነ፣ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው አንድ ሉክ ይበቃል። ከዚያ የቀጠነው ይታጠፋል፣ የወፈረው ለመሸከም መከራ ነው።

"የማንን ልክ ልቁረጥ?" አሉ ጋሼ። እህቷ አየችኝ። "ከእሷ ጋር እኩል ናቸው።"

እንግዲህ ተኛሁ። የሥጋ መጠቅለያ ትልቁ ወረቀት ጋራዡ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ሲሚንቶው በወረቀቱ አልፎ ጀርባዬን ይበርደኛል። እህቷ በጉልበቷ ተንበርክካ በማርከር ዙሪያዬን ማስመር ጀመረች። ከእግሬ ተነሳች። ማርከሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይንጫጫል። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ጸጉሬ ጋ ስትደርስ ማርከሩን ከራሴ አርቃ ወሰደችው። "የእሷ ይሄን ያህል ይወጣ ነበር" አለችና ሰፊ አድርጋ ዞረችበት። ስነሳ እጄን ይዛ አነሳችኝ። ወደ ታች አየሁ። ከጸጉሩ በቀር ወረቀቱ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ስለ ሥራው ልናገር። ጂግሶ (ኩርባ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) በቀጭን ምላጭ ተጠቀሙ፤ ወፍራሙ ጠርዙን ይበጣጥሰዋል። ጠርዙ ቀለም ይጠጣል፤ በስቱኮ ድፈኑትና ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እሹት። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) አንድ እጅ፣ ቀይ ሁለት እጅ። ጀርባዋንም ቀቡ፤ ሰው ይዞራታል። እግሯን በማጠፊያ ሥሩት፤ ካልታጠፈ መኪና ውስጥ አይገባም። እኛ ሳንለካ ቆርጠን ካምሪ መኪና አልገባ ብላ በሰው ሲየና ቫን ነው ያጓጓዝናት። ሁሉ ነገር ከ100 ዶላር በታች ነው ያስወጣን፤ ሰሌዳውን ሳይጨምር።

ጋሼ ጠርዙን እያሹ ሳለ ድንገት ተናገሩ። ቀና አላሉም። "ሁለት ጊዜ ያስታረቅናቸው እኛ ነን። 'ቻይው፣ ልጆችሽን አሳድጊ' ያልኳት እኔ ነኝ።" ብርጭቆ ወረቀቱን አላቆሙም። እኔም ምንም አላልኩም። አፌ ላይ የመጣው ቃል ለሽማግሌ የሚባል አልነበረም። ማታ ለእህቷ ነገርኳት። ታውቀው ኖሯል። "ይሥሩት" አለች፣ በቃ። እኔ ግን ያ እጅ ባይነካት ይሻል ነበር ወይ የሚለው እስካሁን አልለየልኝም። አሁን ለሽምግልና ሲጠሩ መጀመሪያ ሴቷን ለብቻዋ ነው የማነጋግረው ይላሉ። ይሁን።

ያቆምናት ኦክቶበር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወሩ የቤት ውስጥ ጥቃት የሚታሰብበት ነው፤ ለእኛ ደግሞ ጽጌ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ከቡናው ጠረጴዛ ራቅ አድርገን። አንደኛ ስህተታችን በር አጠገብ ማቆማችን ነው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ገፋትና ወለሉ ላይ ጧ አለች። ድምፁ እንደ ጥይት ነው። ሁሉም ዞረ። አንዲት ሴት ግን አልዞረችም፤ ልጇን ጠረጴዛ ሥር አስገብታ በላዩ ላይ ተደፍታለች። ሁላችንም አየናት። ሁላችንም ማየታችንን እሷም አወቀች።

በዚያ ቀን የጠራናት አድቮኬት፣ የተጠቁ ሴቶችን የምትረዳ ባለሙያ፣ ባትኖር ምን እንደምናደርግ አላውቅም። እሷ ምንም ሳታካብድ ሄዳ ሻይ ይዛላት፣ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ወሰደቻት። ስለዚህ ሁለት ነገር። የአሸዋ ከረጢት እግሯ ላይ ጫኑ። ባለሙያ ሳይኖርና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ሳታዘጋጁ ምስሉን አታቁሙ። ቆሞ የሚያይ ሰው ብቻ አይደለም የሚመጣው። ቤቷ ያለውን ነገር ደረቷ ላይ ተጽፎ የምታነብ ሴት ትመጣለች።

ቤቷ ውስጥ የምትጠቃ ሴት የምትደውልበትን የእርዳታ ስልክ ቁጥር መጀመሪያ ምስሉ አጠገብ ልናስቀምጥ ነበር። አድቮኬቷ ሳቀችብን። "ባሏ ጎኗ ቆሞ ነው የምታነሳው?" ሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ለጠፍነው፣ እየተቀደደ የሚወሰድ አድርገን፣ በጣት ልክ። ጫማ ውስጥ ይገባል። ያንን ቀን አሥራ አንድ ተቀዷል። ቁጥሩ 1-800-799-7233 ነው፤ ሌትም ቀንም ያነሳሉ። እንግሊዝኛ ባትችሉም "አምሃሪክ" ብቻ በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ስልካችሁን የሚፈትሽባችሁ ከሆነ ከሌላ ሰው ስልክ ደውሉ። አሁኑኑ የሚያሰጋ ከሆነ 911 ነው።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም ጻፍን፤ ሴቶቻችንን አፍኖ የያዘው እሱ ነዋ። "ግሪን ካርድሽ በእኔ እጅ ነው" ይላታል። ባልሽ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነና የሚያጠቃሽ ከሆነ፣ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ እሱን ሳታስፈቅጂ፣ ሳያውቅም፣ ለግሪን ካርዱ ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ። ደግሞ ዝም ብለሽ ሻንጣ ይዘሽ አትውጪ። አደጋው በጣም የሚበረታው ሴቷ ልትሄድ ስትል ወይም እንደሄደች ነው። አስቀድመሽ ከአድቮኬት ጋር ዕቅድ አውጪ።

አሁን የቀረው ነጠላው ነው። ምስሏን መልሰን አቁመን፣ ከረጢቱን ጭነን፣ ከመካከላችን አንዷ ይዛ የመጣችውን ነጠላ አለበስናት። ሐዘን ነው ብለን አዘቅዝቀን፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ላይ። ሁላችንም እንደዚያው ለብሰናል። እህቷ በስልኳ ለእናትየው ታሳያለች። ደሴ መሽቷል። እናትየው ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን አስጠግተው ግንባራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ዝም አሉ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

"ማነው ያዘቀዘቀባት?"

"እኛ ነን እማማ።"

"እሷ ለቅሶ አልመጣችም ልጄ። አዙሩላት።"

አዞርንላት። እህቷ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። ጥለቱ ወደ ታች ወረደ፤ አረንጓዴ ነው፣ ቀዩ ላይ ያምራል። እናትየው ከዚያም "ግራ ትከሻዋን ከፍ" አሉ፤ ከፍ አደረግነው። "እህ።"

ምስሏ አሁን እኔ ቤት ናት፤ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ በአንሶላ ተሸፍና። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ሁለት ኮሌጆች ይዋሱናል። ነጠላው ለብቻው በፌስታል ነው የሚሄደው፣ ታጥቦ፣ ታጥፎ። ፌስታሉ ላይ በማርከር ጽፌበታለሁ፦ ጥለቱ ወደ ታች።